ቡልዶግ ለግቢ ጥበቃ? ከመግዛት በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ወይም ገላን አካባቢ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው አጥሩ ሳያልቅ ስለ ውሻ ማሰብ ይጀምራል። ሌሊቱ ጨለማ ነው፣ ጎረቤቱ ገና አልገባም፣ ጅቡም እስከ በር ይመጣል። ደላላው «ቡልዶግ አለልህ» የሚለው ይሄኔ ነው። ቡልዶግ ግን የአንድ ውሻ ስም አይደለም። ከአንድ ሥራ ወጥተው በየአገሩ የተበተኑ ዘመዳሞች የጋራ መጠሪያ ነው። አንዱ ኮርማ ይዞ ያቆማል፤ ሌላው ከበሩ እስከ በረንዳው ሲሄድ ያለከልካል። ሁለቱም በአንድ ስም ይሸጣሉ፣ ገዢውም ልዩነቱን የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው።

የውሻውን ሥራ የሚነግረን ስሙ ነው። «ቡል» ኮርማ፣ «ዶግ» ውሻ፤ የኮርማ ውሻ ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ሥጋ ሻጩና ከብት አርቢው ያስቸገረ ኮርማ የሚይዝለት ውሻ ነበረው። ውሻው የሚነክሰው የኮርማውን አፍንጫ ነው። ለበሬ መድኃኒት አጋቶ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም፦ ቀንዱን ተይዞ አልበገር ያለ በሬ፣ ሁለት ጣት አፍንጫው ውስጥ ገብቶ ሲጨመቅ አንገቱን ይሰጣል። በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ሥጋ ስስ ነው፣ ሕመሙም ብርቱ ነው። ሰው በጣቱ የሚሠራውን ውሻው በጥርሱ ይሠራዋል።

ከሥራው ጎን ጨዋታ ተፈጠረ። ኮርማው በገመድ ከችካል ይታሰርና ውሻ ይለቀቅበታል፤ ሕዝብ ተሰብስቦ ይወራረዳል። ሳይታገል የታረደ ኮርማ ሥጋው ይጠጥራል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ኮርማን በውሻ ሳያስይዙ ማረድን የሚከለክል ደንብ ያወጡ ከተሞችም ነበሩ። የዝርያው አካል የተቀረጸው በዚህ ዘመን ነው። ከቀንድ በታች ተስቦ ለመግባት ዝቅ ያለ፣ ደረቱና ጭንቅላቱ የከበደ፣ ወገቡና የኋላ እግሩ የቀለለ ውሻ ተመረጠ። የታችኛው መንጋጋው ከላይኛው ቀድሞ ይወጣል። ከሁሉ በላይ የተመረጠው ግን ጠባዩ ነው፦ አንዴ ከያዘ ሕመም ቢሰማውም አይለቅም። ሌላ ውሻ ነክሶ ይሸሻል፣ ተመልሶ ይነክሳል። ቡልዶግ አንድ ቦታ ይዞ ይቀራል። ይህ ጠባይ ዛሬም በደሙ አለ፤ ሱሉልታ ላይ ያለ ባለቤት የሚጠቀምበትም የሚጎዳበትም እሱ ነው።

የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1835 ኮርማን በውሻ ማስነከስንም የውሻ ድብድብንም በሕግ ከለከለ። ከዚያ ወዲያ የቡልዶግ መንገድ ተከፋፈለ።

አንዱ መንገድ ወደ ውድድር መድረክ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1873 የውሻ ዝርያ የሚመዘግበው የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ፣ በ1875 ደግሞ የቡልዶግ ክለብ ተቋቋሙ፤ ውሻው ሥራ አቁሞ በመልኩ መዳኘት ጀመረ። ፊቱ ይበልጥ እየጠፈጠፈ፣ እግሩ እያጠረ፣ ቆዳው እየተጨማደደ መጣ። ዛሬ «እንግሊሽ ቡልዶግ» የምንለው ይህ ነው፤ ወንዱ 25 ኪሎ፣ ሴቷ 23 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ልጅ የሚወድ፣ ቤተሰብ የሚያፈቅር፣ ልበ ሙሉ ውሻ ነው። ኮርማ ይዞ ማቆም ግን አይችልም፤ ኮርማ ይዘው ያቆሙት አያቶቹ ናቸው።

ሌላው መንገድ ወደ ፈረንሳይ ነው። የኖቲንግሃም ዳንቴል ሠራተኞች ሥራ ፍለጋ ወደ ኖርማንዲ ሲሻገሩ ትንንሾቹን ቡልዶጎች ይዘው ሄዱ። እነዚያ ከአካባቢው ውሾች ጋር ተዳቅለው ጆሮው የቆመውን የፈረንሳይ ቡልዶግ ሰጡ። ክብደቱ ከ8 እስከ 14 ኪሎ ነው። ጥንት አይጥ ይይዝ ነበር፤ አሁን የሶፋ ውሻ ነው። ለግቢ ጥበቃ ብሎ የሚሸጠው ካለ ገዢውን እያታለለ ነው።

ለእኛ አካባቢ የሚጠቅመው ሦስተኛው፣ ሥራውን ያልተወው መንገድ ነው። እዚያው እንግሊዝ የአደን ክልል ጠባቂዎች ማስቲፍ የሚባለውን ግዙፍ ውሻ ከቡልዶግ አዳቅለው ቡልማስቲፍን ፈጠሩ፤ ቀመሩ 60 በመቶ ማስቲፍ፣ 40 በመቶ ቡልዶግ ይባላል፣ ኬኔል ክለቡም እ.ኤ.አ. በ1924 ዕውቅና ሰጠው። ሥራው በሌሊት ሳይጮህ መጥቶ ሌባ አዳኙን መጣልና ሳይቦጭቀው ይዞ ማቆየት ነበር። ወንዱ ከ50 እስከ 59 ኪሎ ይመዝናል። በጀርመን ደግሞ ኮርማና ከርከሮ ይይዝ የነበረው ቡለንባይሰር ከእንግሊዙ ቡልዶግ ጋር ተዳቅሎ ቦክሰር ተገኘ። ቦክሰር ቀልጣፋ ነው፣ ለመማርም ፈጣን ነው።

ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ማለትም ወደ ጆርጂያና አላባማ አካባቢ የተወሰደው ቡልዶግ አጥር በሌለው ሜዳ የተለቀቀ ከብትና የዱር አሳማ ይይዝ ነበር። ረጅም እግር፣ ረጅም አፍንጫና ትንፋሽ ያስፈልገው ስለነበር መልኩ ከጥንቱ ብዙ አልራቀም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊጠፋ ደርሶ ጆን ዲ. ጆንሰንና አለን ስኮት የሚባሉ አርቢዎች ከየገበሬው ቤት ሰብስበው አተረፉት። ለዚህ ነው ዛሬም በአሜሪካን ቡልዶግ ውስጥ ሁለት ዓይነት ያለው፦ የጆንሰኑ ከባድና ፊቱ አጠር ያለ፣ የስኮቱ ቀለል ያለና አፍንጫው የረዘመ። ለሥራ የሚፈልግ ሰው የስኮቱን ይምረጥ። በእኛው አህጉር ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ገበሬዎች ያረቡት ቡርቡል አለ። የተወለደው ሆላንዶች ካመጧቸው የኮርማ ውሾች ነው፤ ከ50 ኪሎ በላይ የሆነ፣ ለእርሻ ጥበቃ የተመረጠ ኃይለኛ ውሻ ነው። የመጀመሪያ ውሻው ለሆነ ሰው ግን አልመክረውም። ከአቅሙ በላይ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይነሳ። ዴቪድ ሊቪት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1971 የጥንቱን ቡልዶግ አካልና ጤና ለመመለስ ተነሣ። ግማሹን እንግሊሽ ቡልዶግ አደረገ፣ ቀሪውን ግማሽ ከቡልማስቲፍ፣ ከፒት ቡል ቴሪየርና ከአሜሪካን ቡልዶግ እኩል አካፈለ። መነሻው ቀላል ነበር፦ መተንፈስ የሚችል፣ ሴቷም ያለ ቀዶ ሕክምና የምትወልድ ውሻ ማግኘት። አርቢዎቹ ራሳቸው የፊቱ ማጠር ከልክ ማለፉን ካመኑ ቆይተዋል ማለት ነው።

አፍንጫው ላይ ልቆይ፤ በዚህ ከተማ ዳርቻ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ጤነኛ ውሻ ይለምደዋል። ፊቱ የጠፈጠፈ ቡልዶግ ግን ችግሩ በድርብ ይመጣበታል። የራስ ቅሉ ሲያጥር ውስጡ ያለው ሥጋ አብሮ አላጠረም፤ የላንቃው ለስላሳ ጫፍ ረዝሞ ማንቁርቱ ላይ ይተኛል፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ይጠባል፣ የአየር ቧንቧውም ቀጭን ነው። አየር ለማስገባት ሲታገል የሚፈጠረው ስበት ጉሮሮውን ያሳብጠዋል፣ እብጠቱ መተላለፊያውን ይበልጥ ያጠበዋል። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ስለሆነ፣ ትንፋሹ የተዘጋ ውሻ ቶሎ ይግላል። ብዙ ሰው «ቡልዶግ ያንኮራፋል፣ ተፈጥሮው ነው» ይላል። ነቅቶ እያለ የሚያንኮራፋ ውሻ አየር ያጠረው ውሻ ነው።

ስለዚህ ቡችላ ከመምረጥ በፊት እናትና አባቱን ማየት ግድ ነው። ቡችላ ሁሉ ፊቱ አጭር ስለሆነ ከእሱ ብዙ አይነበብም። ሜትር ያዙ። ከሁለቱ ዓይኖች መካከል እስከ አፍንጫ ጫፍ ለኩ፤ ከዚያ ከዓይኖቹ መካከል እስከ ማጅራቱ አጥንት ለኩ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ግማሽ ካነሰ የትንፋሽ ችግር የመኖሩ ዕድል ከፍ ይላል። የአፍንጫውን ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ተመልከቱ፦ ክብ ሆነው የተከፈቱ እንጂ እንደ ቀጭን ስንጥቅ የተጣበቁ መሆን የለባቸውም። ቀጥሎ ወላጁን ሦስት ደቂቃ በሶምሶማ፣ ማለትም ሰው ፈጠን ብሎ ሲራመድ ከሚሄድበት ትንሽ በላቀ ፍጥነት አስሩጡት። ከሩጫው በፊትም በኋላም ጉሮሮው አጠገብ ጆሮ አስጠግታችሁ አድምጡ። ማፏጨት፣ ማንኮራፋት፣ አረፋ ማስመለስ ወይም ምላስ ወደ ሰማያዊነት መለወጥ ከታየ ቡችላውን ተዉት። ሻጩ «ዛሬ ስለበላ ነው» ወይም «ሙቀቱ ነው» ይላል፤ በሌላ ቀን ማለዳ ተመለሱና ድገሙት። ይህን ምርመራ የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ሻጩ ፊት ሌላም የሚታይ አለ። የእናቲቱ ሆድ ላይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የእንግሊሽ ቡልዶግ ጭንቅላት ሰፊ፣ የእናቲቱ ዳሌ ጠባብ ስለሆነ አብዛኛው ወሊድ በቀዶ ሕክምና ነው። እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ይቆያል። ለማርባት የሚያስብ ሰው ከከተማው ዳር ሌሊት ሐኪም የሚያገኝበትን መንገድ ቀድሞ ያዘጋጅ፤ 30 ደቂቃ አጥብቃ አምጣ ቡችላ ካልወጣ፣ ወይም በሁለት ቡችሎች መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ፣ እስኪነጋ መጠበቅ እናቲቱንም ያሳጣል።

አሁን ወደ ጅቡ። «ቡልዶግ ጅብ ይይዛል» የሚል ወሬ በሰፊው ይወራል፤ ብዙ ውሻም አስገድሏል። የእኛ ጅብ አድጎ ከ45 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ መንጋጋው አጥንት ይሰብራል፣ የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ነው። የሐበሻ ውሻ ዕድሜውን የሚያረዝመው ርቀቱን ጠብቆ እየጮኸ፣ ሲቀርቡት እየሸሸ ነው። የቡልዶግ ደም ያለበት ውሻ ግን ሳይጮህ ገብቶ ይይዛል፣ ከያዘም አይለቅም። አንዱን ይዞ ሳለ ሌላው ከኋላ ይመጣበታል። ኮርማን የሚያሸንፍበት ጠባይ ከጅብ ጋር ሞቱ ነው። ስለዚህ ሌሊት ግቢ ውስጥ ይፈታ እንጂ ከአጥር ውጭ አይደር፤ በሰንሰለት ታስሮማ ከቶ አይደር፣ የታሰረ ውሻ ለጅብ የቀረበ ራት ነው። የቆርቆሮ አጥር ሥሩ በድንጋይና በሲሚንቶ ይዘጋ፣ ጅብም ውሻም ከሥር ይቆፍራልና። ጅብ ወይም ያልታወቀ ውሻ ከነከሰው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ያላለፈበት ቢሆንም ሐኪም ይየው። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይኬድ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ቡልማስቲፍን ለማንቂያ የገዛ ሰው ላይ ይደርሳል። ዝምተኛ ነው፤ የተፈጠረው ሌባውን ሳያስደነግጥ ለመያዝ ነው። ከሁሉም የሚሠራው ጥምረት አንድ ንቁ የሐበሻ ውሻና አንድ የቡልዶግ ዘመድ ነው። አንዱ ሰምቶ ይጮኻል፣ ሌላው በአካሉ ያስፈራል። ጾታቸው የተለያየ ቢሆን ይሻላል፤ ሁለት ወንዶች አድገው ሲጣሉ የቡልዶጉ ወገን ስለማይለቅ ጠቡ በጉዳት ያልቃል። የዳኘ ባለቤትም ብዙ ጊዜ እጁን ይነከሳል።

ሥልጠናው የሚጀምረው ከመንከስ ሳይሆን ከመልቀቅ ነው። ቡችላው ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ መጫወቻ ሲይዝ ሌላ መጫወቻ ወይም ቁራሽ ሥጋ እያሳያችሁ «ልቀቅ» በሉ፤ ሲለቅ ስጡት፣ የመጀመሪያውንም መልሱለት። መልቀቅ ማጣት እንዳልሆነ ሲገባው ትእዛዙ ይቆማል። አራት ወር ሲሞላው በገመድ መጫወቻ ቀጥሉ። መጫወቻውን ጎትታችሁ ለማስጣል አትሞክሩ፤ ለዚህ ደም መጎተት ማለት «አጥብቀህ ያዝ» ማለት ነው። ጉልበታችሁ ላይ አጣብቃችሁ አቁሙት፣ ድምፅም እንቅስቃሴም ይጥፋ፤ ሲሰለቸው ይለቃል፣ ያኔ «ልቀቅ» የሚለውን ቃል አያይዙለት። በቀን ሁለቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ ደግሞ ልጆች፣ ሽማግሌ፣ ባጃጅ፣ በግ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ይይ። ይህ ዕድሜ ታስሮ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ፍርሃት በ40 ኪሎ አካል ውስጥ ይቀመጣል።

አድጎ ሌላ እንስሳ ላይ ከተጣበቀ በዱላ መምታት ይበልጥ ያጣብቀዋል። ከወይራ የተጠረበ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና ጫፉ የሳሳ እንጨት በር አጠገብ ይቀመጥ። ውሻውን ከኋላ በሁለት እግር መካከል አጥብቆ ይዞ፣ እንጨቱን በአፉ ጎን ከክራንቻው ጥርስ በስተኋላ አስገብቶ እንደ ቁልፍ ማዞር ነው። ይህ የሚሠራው ለሚይዝ ውሻ ብቻ ነው፤ ጀርመን ሼፐርድ ወይም የሐበሻ ውሻ ለቆ የያዘውን ሰው ይነክሳል።

ባለቤቱ ሕጉንም ይወቀው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ አምልጦ መውጣቱ ከኃላፊነት አያድንም። የበሩ መቀርቀሪያ ውሻው በአፍንጫው ሊያነሣው የማይችል ይሁን።

ስለ ማደሪያው በአጭሩ፦ ወለሉ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ጥላ ሥር ይሁን። ፀጉሩ አጭር ስለሆነ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይጎዳዋል፤ ጭድ በደንብ ይነጠፍለት፣ በየሳምንቱም ይቀየር። በክረምት የፊቱ እጥፋት እርጥበት ይቋጥራል፣ ይሸታል፣ ይቆስላል፤ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው በደረቅ ይድረቅ። ሊሾ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ የሚያድግ ቡችላ እየተንሸራተተ የዳሌ መገጣጠሚያው ይጎዳል፤ አፈርና ሣር ይሻለዋል። ሲወጣ በአንገት ማሰሪያ ሳይሆን በደረት ማሰሪያ ይያዝ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ አይሂድ፣ በተለይ አቃቂና ገላን በኩል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። 41 ከደረሰ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው፦ ሆዱንና እግሩን በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ እያራሱ ማራገብ፣ 39.5 ሲደርስ ማቆም፣ ወደ ሐኪም መውሰድ።

ምግቡ ላይ የሚደረገው ስሕተት ከቤታችን ልማድ ይመጣል። የተረፈ ወጥ ይሰጠዋል፤ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ መቀቀሉም መርዙን አያጠፋውም። በትንሽ በትንሹ ለሳምንታት የበላ ውሻ ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ባለቤቱም «ምን እንደነካው አይታወቅም» ይላል። በጾም ወራት ደግሞ ቤቱ ሥጋ ስለማይገባ ውሻው በእንጀራና በሽሮ ይሰነብታል፤ የኮርማ ውሻ ጡንቻ በዚህ አይቆምም። 30 ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ ውሻ በቀን ግማሽ ኪሎ ስብ ያልበዛበት ሥጋና ጥሬውን የተመዘነ 200 ግራም ሩዝ ወይም በቆሎ ተቀቅሎ፣ ለሁለት ተከፍሎ ይሰጥ። አጥንት ከሌለበት ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመር። ለቡችላ ግን የተዘጋጀ የቡችላ መኖ ይሻላል፣ ካልሲየምም አይጨመርበት፤ የትላልቅ ዝርያ ቡችላ ካልሲየም ሲበዛበት መገጣጠሚያው ይበላሻል። ጎድኑ በእጅ ሲዳሰስ ይቆጠር፤ የወፈረ ቡልዶግ የጉሮሮው ዙሪያ በስብ ተጨናንቆ ትንፋሹ ይብስበታል።

ሳንባና ጉበት ከሥጋ ቤት ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ጥሬውን ይጥልለታል። ውሃ የቋጠረ እብጠት ያለበት ሳንባ ወይም ጉበት የውሻውን አንጀት በጥቃቅን ትል ይሞላል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል፣ ያው እብጠት በሰው ጉበት ውስጥ ያድጋል። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይንተከተክ አይሰጥ። የመንደሩን ውሾች ተከትሎ ጥሬ የሚያገኝ ከሆነ በየስድስት ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒት በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሒሳብ ይሰጠው፤ መጠኑን ለማስላት ውሻው መጀመሪያ ይመዘን።

ክትባቱ በ6ኛው ወይም በ8ኛው ሳምንት ፓርቮና ዲስቴምፐር ለሚባሉት ቡችላ ገዳይ በሽታዎች ይጀመራል፣ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደገማል፤ የእብድ ውሻ በሽታው በሦስተኛው ወር ተሰጥቶ በየዓመቱ ይታደሳል። ወረቀት አለኝ የሚል ሻጭ ሲመጣ ካርዱ ላይ የተለጠፈውን የክትባት ብልቃጥ ምልክት፣ ቀኑንና የሐኪሙን ፊርማ ተመልከቱ። ሦስቱ ከሌሉ ከመጀመሪያው ይጀመርለት፣ እስከ 16ኛው ሳምንትም የመንደር ውሻ ወደሚውልበት ሜዳ አይውጣ። ሰው፣ ባጃጅና በጉን እስከዚያ ታቅፎም ሊያይ ይችላል።